በድሬዳዋ ሬዲዮን የሚረብሽ ጩኸት ምንጩን ማግኛ፦ ከጎረቤት ሳይጣሉ፣ መብትንም ሳይለቁ

ቀን ጥርት ብሎ ሲሰማ የዋለው አጭር ሞገድ መሸት ሲል ዝዝዝ ብቻ ይሆናል። ፈቃድ ኖሮት የሚያስተላልፍም ሆነ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ቅሬታው ይኸው ነው። ከዚያ ብዙዎች በቀጥታ ሄደው የጎረቤት በር ያንኳኳሉ። ጎረቤት ተበሳጭቶ ሁሉን ነገር ያጠፋል፣ ጩኸቱ ግን እንዳለ ነው። ምንጩ አንዳንዴ የከሳሹ የራሱ ቻርጀር ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማችኋል? ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ።

የሚያስፈልጋችሁ

- በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ። ኤኤም የግድ ነው፣ አጭር ሞገድ ቢጨመርበት ጥሩ ነው። ኤፍኤም ብቻ ያለው አይሆንም። ኤፍኤም እንዲህ ያለውን ጩኸት በአሠራሩ ስለሚያፍነው ምንጩ አጠገብ ቆማችሁም ላትሰሙት ትችላላችሁ።
- አዲስ ባትሪ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ድምፅ መቅጃ ስልክ። ስትቀዱ ቻርጀር ላይ አይሁን፣ ከሬዲዮውም ራቅ ይበል።
- ጩኸት እንደሌለው በራሳችሁ ቤት ያረጋገጣችሁት አንድ አምፖል። ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ቤት አጽዱ

1. ጩኸቱ እየተሰማ ባለበት ሰዓት ሬዲዮውን በባትሪ ክፈቱ። በጣም የሚጮህበትን ቦታ ፈልጋችሁ እዚያው ተዉት።
2. ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን በሥርዓት አጥፉ።
3. ዋናውን ብሬከር አውርዱ።
4. ስሙ። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ምንጩ እናንተው ቤት ነው። ቀነሰ እንጂ ካልጠፋ ሁለት ምንጭ አለ ማለት ነው፣ አንዱ የእናንተ።
5. ከሶኬት ሁሉን ነቅላችሁ ብሬከሩን መልሱ። ከዚያ አንድ በአንድ ሰኩ። በእያንዳንዱ መሃል ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። አንዳንድ ቻርጀርና አምፖል ሞቅ እስኪል ድረስ አይጮህም።
6. ጥፋተኛውን ስታገኙ ስሙን ጻፉና ቀጥሉ። የመጀመሪያው የመጨረሻው ላይሆን ይችላል።

ጥንቃቄ። ብሬከሩ የጋለ፣ የጠቆረ ወይም የሚሸት ከሆነ አትንኩት፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። በርካታ ተከራይ አንድ ቆጣሪ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ሳታስታውቁ አታውርዱ። የሰው ፍሪጅ አለ፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ የሰው ቬንትሌተር ማጥፋት ራሱን የቻለ ጠብ ነው።

ካልሠራ። ብሬከር ወርዶም ጩኸቱ ካልጠፋ ጎረቤት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ዩፒኤስ፣ የሶላር ባትሪና በባትሪ የሚሠራ የዋይፋይ ራውተር ብሬከር ወርዶም ይሠራሉ። እነሱንም አጥፉና እንደገና ስሙ።

## ደረጃ 2፦ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮ ክፈቱ

ፈረንጅ አገር ያለ አማተር (ፈቃድ ይዞ ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎቱ በሬዲዮ የሚገናኝ ሰው) ሰፈሩን በሙሉ አጥፍቶ መሞከር አይችልም። እኛ ዘንድ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀን ይጠፋልናል። ሌላው ሰው ሻማ ሲፈልግ እናንተ ባትሪ ሬዲዮውን ያዙ።

- መብራት ሲጠፋ ጩኸቱም ከጠፋ፣ ምንጩ ከመስመሩ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ነገር ነው። የጎረቤት ዕቃ ወይም የመብራት ምሰሶ ሊሆን ይችላል።
- ጩኸቱ ከቀጠለ፣ ሶላር፣ ጀነሬተር፣ ኢንቨርተር ወይም ባትሪ ያለው ነገር ፈልጉ።
- ግማሹ ሰፈር ጠፍቶ ግማሹ ከበራ፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ፌዝ (ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ) ብቻ ሄዷል ማለት ነው። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ የበሩትን ቤቶች ከዝርዝራችሁ አውጡ። ካልጠፋ ደግሞ የጨለሙትን።

መብራት ሲመለስም ሬዲዮውን አትዝጉ። ጩኸቱ ወዲያው መጣ ወይስ ዘግይቶ? ወዲያው ከመጣ ሁልጊዜ የተሰካ ነገር ነው፤ አምፖል፣ ሪሲቨር፣ ቻርጀር። ደቂቃዎች ቆይቶ ከመጣ ሰው በእጁ ያበራው ወይም ራሱ ጊዜ ጠብቆ የሚነሳ ዕቃ ነው። አንዳንድ ስታብላይዘር ለምሳሌ ፍሪጁን ከመመገቡ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይቆያል።

## ደረጃ 3፦ ድምፁን ለዩት

ጆሮ ከመሣሪያ ይበልጣል፣ ካለማመዱት።

ሬዲዮውን ሙሉ የሚሸፍን ሻካራ ዝዝዝ። በመስመር ላይ የሚፈጠር ብልጭታ ሊሆን ይችላል። መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ይህ ድምፅ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል፣ ወፍራም ነው። በደረቅና ነፋሻ ቀን ብሶ ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋ ከሆነ ምሰሶ ላይ የላላ ብሎን ወይም ሽቦ ጠርጥሩ። በተቃራኒው ጤዛ ወይም ካፊያ ሲነካው የሚነሳ ከሆነ አቧራ የጠገበ ኢንሱሌተር (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሲኒ መሰል ዕቃ) ጠርጥሩ። አቧራማ ከተማ ነው ያለነው።

በሬዲዮው ላይ በእኩል ርቀት የሚደጋገም፣ ቀስ እያለ ቦታ የሚቀይር ጉብታ። ርካሽ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የላፕቶፕ ወይም የሪሲቨር አዳፕተር። እነዚህ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚሠሩት። ማጣሪያው ከውስጥ ከተቀነሰ ቆረጣው በሽቦው ላይ ይወጣል፣ ሽቦውም አንቴና ይሆናል። ከከተማችን ታይዋን ገበያ በርካሽ የሚገዛ ስም የለሽ ቻርጀር እንዲህ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ማለዳ ፀሐይ ሲወጣ ተነስቶ ማታ 12 ሰዓት ገደማ የሚጠፋ። የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ። ደመና ሲያልፍ ድምፁ ከተለወጠ አትጠራጠሩ።

ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚፈጥን ጠጠጠጠ። የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል ካንዴላ። ያልፋል፣ ተዉት። ባጃጅ የሚጠገንበት ጋራዥ አጠገብ ካልሆናችሁ በቀር።

በቬንትሌተር ፍጥነት የሚለወጥ ጉርምርምታ። የግድግዳ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክ ዓይነት ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው እንጂ ሞተሩ አይደለም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ የመጨረሻው ፍጥነት ላይ ሲሆን ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

የሚቆራረጥ ብጥስጥስ፣ በተለይ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ራሱ ጩኸት የለውም፣ ሽቦ እየጋለ ነው የሚሠራው። የላላ ወይም የተቃጠለ ሶኬት ግን በዚያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጥራል። ይህን ከሰማችሁ የሬዲዮውን ጉዳይ እርሱት። የእሳት አደጋ ነው፣ ለባለቤቷ ዛሬውኑ ንገሩ።

## ደረጃ 4፦ ደብተር ያዙ

ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት መዝግቡ። ቀን፣ ሰዓት፣ ሞገድ፣ የድምፁ ዓይነት፣ አየሩ፣ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ብዙ ማስታወሻ የሚበላሸው በሰዓቱ ነው። «በ2 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠዋት ነው ማታ? የእኛ ነው የፈረንጅ? «ከምሽቱ 2 ሰዓት (20:00)» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ከውጭ አማተሮች ጋር የምታወሩ ከሆነ የዓለም አቀፉ ሰዓት ከዚያ 3 ሰዓት ያንሳል፣ 17:00 ማለት ነው።

ከሳምንት በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ሰው ከሥራ ሲገባ የሚነሳ፣ ዓርብ ቀትር የሚጠፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይቋረጥ… የውጭ በር መብራት ሌሊቱን ሁሉ ይበራል፣ የሳሎን ቴሌቪዥን ግን አይበራም።

## ደረጃ 5፦ ሬዲዮውን ይዛችሁ ዙሩ

1. ኤኤም ላይ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ፈልጉ፣ 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ።
2. ሬዲዮውን አግድም ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ (የኤኤም አንቴናው) አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮው ርዝመት የተጋደመ ነው። ጩኸቱ በጣም የሚደክምበት ላይ ስትደርሱ ቁሙ። የሬዲዮው ጫፍ ወደ ምንጩ ያመለክታል።
3. የትኛው ጫፍ? ይህን አንድ ቦታ ቆማችሁ አታውቁትም። ወደ ሌላ ማዕዘን ሄዳችሁ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቤት ወይም ምሰሶ ነው።
4. ስትቀርቡ ወደ አጭር ሞገድ ውጡ፣ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ 15 ሜጋኸርዝ ገደማ። ሞገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ጩኸቱ የሚሰማበት ክልል ይጠብባል። በ15 ላይ ጮክ ብሎ የሚሰማበት ቦታ ምንጩ ቅርብ ነው።
5. በጣም ከበረታ የሬዲዮውን አንቴና እጠፉት።

ካልሠራ። በየሄዳችሁበት እኩል የሚጮህ ከሆነ ጩኸቱ በመብራት ሽቦ ላይ እየተጓዘ ነው። አቅጣጫውን ተዉትና ጥንካሬውን ብቻ ተከተሉ። በሽቦው ሥር እየሄዳችሁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይህ ያታልላል። ከፍተኛውን ሞገድ ተጠቅማችሁ ከሽቦው ጥቂት ሜትር ራቅ ብላችሁ አወዳድሩ።

ጥንቃቄ፣ ይህን በደንብ አንብቡ። አንቴና የተዘረጋ ሬዲዮ ይዞ በማታ ሰው ቤት ዙሪያ የሚዞር ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። በቀን ዙሩ። ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው አብሯችሁ ይሁን። መታወቂያ ያዙ፣ ፈቃድ ያለው የፈቃዱን ኮፒ ይያዝ። በኤርፖርቱና በአየር ኃይሉ ምድብ፣ በባቡር ጣቢያና በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ አካባቢ ጭራሽ አትሞክሩት። ፎቶም አታንሱ። ብትጠየቁ አትከራከሩ፣ አስረዱና ተመለሱ።

ምንጩ ምሰሶ ከሆነ አትምቱት፣ አትነቅንቁት፣ ሽቦውንም በእንጨት አትንኩ። የምሰሶውን ቁጥር ወይም በቅርቡ ያለ ምልክት ጻፉና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ፣ የጥሪ ማዕከሉ 905 ነው። «ሬዲዮዬ ይጮሃል» አትበሉ። «ምሰሶው ላይ ብልጭታ የሚፈጥር ብልሽት አለ ብዬ እጠረጥራለሁ» በሉ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለተኛው ግን ቶሎ ሰው ያስነሳል።

## ደረጃ 6፦ አሁን በር አንኳኩ

ጊዜውን ምረጡ። ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ገደማ ድሬ ያርፋል። የተኛ አለ፣ በርጫ ላይ የተቀመጠ አለ። ወደ ማታ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሰው በሩ ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ ሂዱ።

ሬዲዮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን መጀመሪያ ሰላምታ፣ ጤና፣ ልጆች። ከዚያ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር። ሬዲዮ ማዳመጥ እወዳለሁ፣ ማታ ማታ ግን አንድ ጩኸት ይገባብኛል። የእኔን ቤት ፈትሼ ጨረስኩ። ምናልባት አንዱ አምፖል ይሆን እንዴ ብዬ ነው። አብረን እንየው?»

«አቦ፣ የኔ አምፖል ከአንተ ሬዲዮ ምን አገናኘው?»

እዚህ ላይ ስለ ሞገድ አታስተምሩ። ሬዲዮውን ክፈቱ፣ ጩኸቱን ያሰሟቸው፣ «እስቲ በረንዳውን ያጥፉት» በሉ። እሳቸው በገዛ እጃቸው ሲያጠፉ ጩኸቱ ዝም ካለ ክርክሩ አለቀ። ማብሪያውንም ሶኬቱንም እናንተ አትንኩ። በኋላ አንድ ዕቃ ቢበላሽ በእናንተ ነው የሚላከከው።

ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን አምፖል አሁን አውጡ። «ይህን ይሞክሩት፣ ከወደዱት እዚያው ይቆይ» በሉ። የአምፖል ዋጋ ከጉርብትና አይበልጥም። እኔ ብጠየቅ ከሁሉም መፍትሔ ይህን እመርጣለሁ።

እነሱም ሊከስሷችሁ ይችላሉ። የምታስተላልፉ ከሆነ «ቴሌቪዥኔን የምታበላሸው አንተ ነህ» መባላችሁ አይቀርም። ተዘጋጁ። ሰዓት ተስማሙ፣ እሳቸው ቴሌቪዥን ያዩ፣ እናንተ በተስማማችሁት ደቂቃ አስተላልፉ፣ በሌላው ዝም በሉ። ችግሩ የእናንተ ከሆነ ኃይል ቀንሱ፣ አንቴናውን ከእሳቸው ሽቦ አርቁ። ይህን ያደረገ ሰው በኋላ ቢያመለክትም ቃሉ ይሰማል።

## ደረጃ 7፦ ጥገናው

ዕቃውን መለወጥ ቀላሉ ነው። የቀድሞውን በተሻለ ብራንድ ቻርጀር ተኩት፣ በእጅ ስትመዝኑት ከበድ የሚለውን ምረጡ። ዋስትና አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል። ሻጩ ፈቅዶ ሱቁ ውስጥ በሬዲዮ ብትሞክሩት ደግሞ ጥሩ።

ፌራይት። በአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ላይ ያለው ጥቁር ጉብታ ፌራይት ነው፣ በገመዱ ላይ የሚወጣውን ጩኸት ያፍናል። ቀለበቱን ብቻ ካገኛችሁ ገመዱን ከ7 እስከ 10 ዙር አሳልፉበት፣ ወደ ጮኻዩ ዕቃ አስጠግታችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ በአጭር ሞገድ ላይ ብዙም አይጠቅም። «ሞከርኩት አልሠራም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ነው የሞከረው። ትልቅ ቀለበት ከአሮጌ ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ጀርባም ይወጣል፣ ግን ራሳችሁ አትፍቱ። ያ ቴሌቪዥን ተነቅሎም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል። ከጠጋኝ ቤት የወጣውን ግዙ።

ሶላር። ከፓነሉ የሚወርዱትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዟቸው፣ አሳጥሯቸው፣ በመቆጣጠሪያው ሁለት ጎን ፌራይት ጨምሩ።

የእናንተ አንቴና። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቤት ውስጥ የተዘረጋ ሽቦ ጣቢያውን አያገኝም፣ የቤቱን ጩኸት ግን ሁሉን ይሰበስባል። ወደ ውጭ አውጡት፣ ከመብራት ሽቦ አርቁት። ሊነካው ወይም ሊወድቅበት በሚችል ርቀት ፈጽሞ አትዘርጉ። መውረጃው ሽፋን ያለው ኮአክሲያል ገመድ ይሁን። ውጭ ማውጣት ካልቻላችሁ የቀለበት አንቴና ሠርታችሁ ጩኸቱ እስኪደክም አዙሩት። መብረቅ ሲመጣ ንቀሉ። የመሬት መስመር (ኧርዝ) ካስፈለገ የራሳችሁን ዘንግ ቅበሩ፣ የሶኬቱን ኒውትራል እንደ መሬት አትጠቀሙ።

## ደረጃ 8፦ እምቢ ካሉ፦ መብታችሁ እስከ የት ነው

መጀመሪያ ሽማግሌ። ቀልድ አይደለም። ሰፈር ውስጥ የሚከበር አንድ ሰው ከሦስት ደብዳቤ ይበልጣል።

ካልሆነ የቆማችሁበትን እወቁ።

ፈቃድ ያለው አማተር ከሆናችሁ አቋማችሁ ጠንካራ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማመልከቻችሁም ወደዚያ ነው። የተረበሸው ሞገድ ለአማተር የተሰጠ መሆኑን ጥቀሱ፣ ለምሳሌ ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ።

ፈቃድ ሳይኖራችሁ የምታስተላልፉ ከሆነ አታመልክቱ። ራሳችሁን ነው የምትከሱት። መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሱ።

አድማጭ ብቻ ከሆናችሁ ጉልበታችሁ ጉርብትናው ነው፣ ምሰሶ ከሆነ ደግሞ የመብራት ድርጅቱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የሬዲዮ ሞገድ በስም አልተጠቀሰም። ስለዚህ ሽምግልና ላይ አንሱት እንጂ ፍርድ ቤት እረታበታለሁ ብላችሁ አትሩጡ። ያው ሕግ እናንተንም ይመለከታል፣ ሌሊት ጮክ ብሎ የሚጮህ ሬዲዮ ድምፅ ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ አንቴና ከመስቀላችሁ በፊት የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን፦

1. ማን እንደሆናችሁ፣ የፈቃድና የጥሪ ምልክት ቁጥር።
2. የተረበሸው ሞገድ በሜጋኸርዝ።
3. ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ሰዓት (በሁለቱም አቆጣጠር)።
4. ጉዳቱ። በዓለም አቀፉ ደንብ ጎጂ የሚባለው ጣልቃ ገብነት አገልግሎቱን በእጅጉ የሚያበላሽ፣ የሚያግድ ወይም በተደጋጋሚ የሚያቋርጥ ነው። «ያስቸግረኛል» ሳይሆን «በእነዚህ ቀናት ግንኙነቴን አቋርጦታል» በሉና ቀኖቹን ዘርዝሩ።
5. የራሳችሁን ቤት እንዴት እንደፈተሻችሁ። ይህ ከሌለ ወረቀቱ ደካማ ነው።
6. ጎረቤትን መቼ እንዳነጋገራችሁ፣ ምን እንዳሉ። ስድብ አይግባበት።
7. የደብተሩ ኮፒና የድምፁ ቅጂ።

ኮፒው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተምና ቀን አስመቱ። መልስ እስኪመጣ መመዝገባችሁን አታቋርጡ።

መልሱ ሲዘገይ የሚመጣ ፈተና አለ፦ የጎረቤትን ሽቦ መቁረጥ፣ ቆጣሪያቸውን ማውረድ፣ ወይም ኃይል ጨምሮ ቴሌቪዥናቸውን መረበሽ። ከሦስቱ አንዱን ካደረጋችሁ ተከሳሹ እናንተ ናችሁ፣ ፈቃዳችሁም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ባለሙያ የሚላክ ከሆነ ጩኸቱ የሚነሳበትን ሰዓት ቀድማችሁ ንገሩ። ቀን 5 ሰዓት መጥተው የማታ ጩኸት ቢፈልጉ ምንም አያገኙም። ሬዲዮና አንቴናችሁም ስትመዘግቡ በነበረበት ሁኔታ ይቆይ፣ ባለሙያው ሳያይ አንዱንም አታንቀሳቅሱ።